ዝምታ ሲከሰስ፦ ከአፈርሳታ ሜዳ እስከ ግምገማ አዳራሽ

አበው ስለ ዝምታ ብዙ ብለዋል። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ዝምታን አመስግነዋል፤ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ብለው ደግሞ ያመለጠ ቃል ተመልሶ እንደማይያዝ አስጠንቅቀዋል። እነዚሁ አበው ግን ሸንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ ዝም ያለውን ሰው የሚያዩት በሌላ ዓይን ነበር። «ንጹሕ ከሆነ ምን አፉን ይዞታል?» ማለት ይቀናቸዋል። በቤቱ ያስመሰገነው ዝምታ በአደባባይ ያስጠረጥረዋል።

ለመሆኑ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር ይገደዳልን? ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቆሞ «እስቲ ጥፋትህን ራስህ ተናገር» የተባለ ሠራተኛ፣ በቀበሌ ስብሰባ «የምታውቀውን አውጣ» የተባለ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ፍርድ ቤት የሚቆመው ጥቂቱ ሰው ነው፤ ስብሰባ ያልተቀመጠ ግን የለም። መንግሥት ከዜጋው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘውም አብዛኛውን ጊዜ በችሎት ሳይሆን በአዳራሽ ነው።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች ታሪክ ጋር አያይዞ ይመለከታል። ወለጋ ከሌላው አገር የተለየ ግፍ ስለደረሰበት አይደለም። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ የባላባቱ፣ የዘውዱ፣ የደርግና የኢሕአዴግ ሥርዓቶች በተራ ሲያልፉበት እያንዳንዳቸው «ተናገር» የሚሉበትን መንገድ አሳይተውበታልና ነው።

የሜዳው ሸንጎ

የማዕከላዊው አስተዳደር ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ልማዱንም ይዞ ነው የሄደው። ከልማዶቹ አንዱ በሸዋ አፈርሳታ፣ በጎጃምና በአካባቢው አውጫጭኝ የሚባለው ነበር። ቤት ተቃጥሎ፣ በሬ ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ወንድ ሁሉ ከአንድ ሜዳ እንዲሰበሰብ ይታዘዛል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጣሉ፤ የተሰበሰበው ሁሉ ይምላል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ያየውን በአደባባይ ለመናገር የፈራ ሰው ለተመረጡት ሽማግሎች በጆሮ ሹክ ይላል። እንዲህ ያለውን ጠቋሚ «ወፍ» ይሉታል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከሜዳው መበተን የለም። እርሻ ይታጎላል፣ ከብት ጠባቂ ያጣል። በመጨረሻ አድራጊው ካልተገኘ አገሬው በሙሉ አዋጥቶ ለተጎዳው ይከፍላል።

ከዚህ የከፋም ነበር። ሌባሻይ በሚባለው ልማድ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ጥምባሆ ይጨሳል፤ ወገቡ በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል። እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። እዚህ ላይ ተከሳሹ ቢናገርም ባይናገርም ለውጥ የለውም፤ የመሰከረበት የልጁ አወዳደቅ ነው። ይህ ልማድ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ተከልክሏል።

አፈርሳታን ግን ከሌባሻይ ጋር አንድ አድርጎ መኮነን ያስቸግራል። ፖሊስ በሌለበት አገር ወንጀል የሚጣራበት ሌላ መንገድ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ ይህንኑ ልማድ መሠረት ያደረገ ነው፤ የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ይመላለሳል። ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የስብሰባው ነገር መንደሩ ስለ ራሱ የሚነጋገርበት ሸንጎም እንደነበረ ይረዳል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በአፈርሳታ ሜዳ ዝምታ የግል ጉዳይ አልነበረም። ዝም ያለ ሰው ጎረቤቱን ሁሉ ዕዳ ያስገባል። ስለዚህ አፍ የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የአገሩ ንብረት ነበር ማለት ይቻላል።

ኦሮሞው በበኩሉ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ነፍስ የጠፋ እንደሆነ «ጃርሳ ቢያ» የሚባሉት ያገር ሽማግሎች ገብተው በጉማ ሥርዓት ያስታርቃሉ። በዚህ ሥርዓት ገዳዩ ማመኑ ትልቅ ቦታ አለው፤ «ካኩ» የሚባለው መሐላም የሚያስፈራ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ በጉማ ያመነ ሰው በማመኑ የሚያገኘው ዕርቅ ነው። ካሣ ከፍሎ ደም ይደርቅለታል፣ ወገኑም ከበቀል ይድናል። የእምነት ቃሉ የሰላም ዋጋ ይሆናል። ሰው በራሱ ላይ ተናግሮ በምትኩ አንዳች ነገር የሚያገኝበት ሸንጎ አለ፤ ተናግሮ የሚያጣበት ብቻ የሆነም አለ። ሁለቱን መለየት ለቀጣዩ ታሪካችን ይጠቅማል።

ከነቀምቴ የተጠራው ተርጓሚ

የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞረዳ በከሬ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ያለ ጦርነት ስለ ገባ፣ ቤቱ ግብሩን እየላከ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ለመቆየት ችሏል። ልጁ ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማችም ሆነ። ዛሬ ነቀምቴ የሚሄድ ሰው የሚጎበኘው ግቢ የእርሱ ነው። ከዚያ ግቢ የተገኙትንና ተሰማ ታዓ ከአሌሳንድሮ ትሪውልዚ ጋር አሰባስበው ያሳተሟቸውን ደብዳቤዎች የተመለከተ ሰው ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ጋር በወርቅና በግብር ጉዳይ ምን ያህል ትጻጻፍ እንደነበር ያያል።

በ1896 ዓ.ም. ገደማ ኦነሲሞስ ነሲብ ነቀምቴ ገባ። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በኢሉባቦር ሁሩሙ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በምፅዋ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ተማረ። በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ ሲያስተምር ሕዝቡ የሚሰማውን ቋንቋ ሰማ። የአካባቢው ካህናት ግን ቅር ተሰኙ። እመቤታችንን ተሳድቧል ሲሉ ከሰሱት፤ በ1898 ግንቦት ገደማም አዲስ አበባ ተወስዶ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ።

የችሎቱን ቅርጽ ልብ እንበል። የተሰረቀ ነገር የለም፤ የፈሰሰ ደም የለም። የሚመረመረው የሰውየው እምነት ነው። እምነቱን የሚያውቀው ደግሞ እርሱ ራሱ ብቻ ስለሆነ ዋናው ምስክር ከተከሳሹ አፍ ሌላ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ባለው ሸንጎ የቆመ ሰው ሦስት በር ብቻ አለው፤ የሚያምነውን ክዶ ከኅሊናው ጋር መጣላት፣ የሚያምነውን ተናግሮ በቃሉ መጠመድ ወይም ዝም ብሎ ዝምታው እንደ ማመን ሲቆጠርበት ማየት።

አቡኑ በግዞት እንዲሄድ ፈረዱ። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ ከእንግዲህ ግን እንዳይሰብክ አዘዙ። ኦነሲሞስ ከዚያ በኋላ በማስተማር ብቻ ተወስኖ ቆየ። እንደገና ለመስበክ የተፈቀደለት በ1908 በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። በ1923 ዓ.ም. በዚያው በነቀምቴ አረፈ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ኦነሲሞስን ያዳነው መብት ሳይሆን ምሕረት ነበር። ንጉሥ በጎ ፈቃድ ባይኖራቸው ኖሮ የሚማጠንበት ሕግ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ «ተናገር» የተባለው ሰው መጨረሻ ላይ «አትናገር» ተባለ። አፍን በግድ የሚከፍት ሥልጣን አፍን በግድ ለመዝጋትም ሥልጣን አለው። በራስ ላይ አለመመስከርና በነፃነት መናገር ሁለት የተለያዩ መብቶች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ አፍ የባለቤቱ ነው ማለት ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1637 ጆን ሊልበርን የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ያልተፈቀደ የሃይማኖት መጽሐፍ ወደ አገር አስገብተሃል ተብሎ «የኮከብ አዳራሽ» ይባል ከነበረው የንጉሡ ሸንጎ ፊት ቀረበ። ምን እንደሚጠየቅ ከመስማቱ በፊት ለሚጠየቀው ሁሉ እውነቱን እንደሚመልስ እንዲምል ታዘዘ። አልምልም አለ። በሚቀጥለው ዓመት በጋሪ ኋላ ታስሮ በለንደን መንገድ ላይ እየተገረፈ ተወሰደ። ሸንጎው ራሱ ግን ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1641 በፓርላማ ፈረሰ። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ የሚገኘው በራስ ላይ ያለመመስከር መብት ከእንዲህ ያለው ግርፋት የተገኘ ነው። ሊልበርንም ሆነ ኦነሲሞስ በመጽሐፍና በእምነት ምክንያት ነው የተጠሩት። የተጠሩትም ወደ ተራ የወንጀል ችሎት ሳይሆን ሥልጣንና ዳኝነት አንድ ወደ ሆኑበት ሸንጎ ነበር።

በአስተርጓሚ አፍ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሆነ፤ ነቀምቴም ዋና ከተማው። ዘመናዊ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። ይህ ለወለጋ ገበሬ በተግባር ምን ማለት ነበር? ቃሉን በኦሮምኛ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ጸሐፊው በአማርኛ ይጽፋል፤ ገበሬው በማያነበው ወረቀት ላይ የጣት አሻራውን ያኖራል። በጊዜው የነበሩ ሰዎች በሰፊው የሚያስታውሱት ነገር ዳኛው ራሱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆኖ እንኳን አስተርጓሚ የግድ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ሰው በራሱ ላይ መሰከረ የሚባለው የተናገረው ቃል ሲያዝበት ነው። በአስተርጓሚ አፍ ያለፈ ቃል ግን የማን ቃል ነው? «አላየሁም» ያለው «አላውቅም» ሆኖ፣ «መትቶኝ መታሁት» ያለው «መታሁት» ብቻ ሆኖ ቢጻፍበት የሚያርምበት መንገድ አልነበረውም።

በወረቀት ላይ ግን በዚያው ዘመን ትልቅ ነገር ተሠርቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ላይ ፖሊስ የያዘው ሰው ለጥያቄ መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው አዘዘ። በአንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም ተስፋ በመስጠት ቃል እንዳይቀበል ከለከለ። ለዘመናት «ዝም ያለ ጥፋተኛ ነው» ሲባል በኖረበት አገር ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የተናገረው ስለ ፖሊስ ጣቢያና ስለ ችሎት ነው። ስለ ገዥው እልፍኝ፣ ስለ መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ፣ ስለ ስብሰባው አላነሣም። ጋሻው ተሠራ፤ ግን ከችሎቱ በር ላይ ተሰቀለ።

መርማሪ ኮሚሽንና ቀበሌ

በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የቀድሞዎቹን ባለሥልጣኖች ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ሰው እየጠራ ቃል የሚቀበልና የሚያጣራ አካል ነው። የተጠያቂዎቹ ብዛትና ማዕረግ በአገራችን ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው ስለ ሥልጣን ዘመናቸው በጽሑፍ ለኮሚሽኑ ያቀረቡት ቃል ከዓመታት በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የሚያየው አንድ የሕግ ምሁር የሆነ አዛውንት ለሚጣራው ሁሉ በረጋ መንፈስ መልስ ሲሰጥ ነው። መልሱ ግን ሚዛን ላይ አልወጣም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ምሽት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ሲገደሉ አክሊሉ አንዱ ነበሩ። ቃል ተቀባዩ ገና እያጣራ ሳለ ቃል ሰጪው ተገደለ።

ከታሳሪዎቹ መካከል የወለጋን ታሪክ የሚነካ ስም አለ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት፣ በኋላም የወለጋ አገረ ገዥ የነበሩት ካሣ ወልደ ማርያም የቄለሙ ገዥ የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ የልጅ ልጅ ናቸው። ከኅዳሩ ግድያ ቢተርፉም በ1971 ከእስር ቤት ተወስደው ተገደሉ።

ትልልቆቹ በኮሚሽን ሲጠየቁ ተራው ሰው የሚጠየቅበት ሸንጎ ደግሞ በሰፈሩ ተተከለለት። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር አደራጅቶ የፍርድ ሸንጎ ሰጣቸው፤ ለገበሬውም የገጠር መሬት አዋጁ የገበሬ ማኅበርን አቋቁሟል። የቤት ኪራይና የአጥር ክርክር በሰፈር ዳኛ መታየቱ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለደምቢ ዶሎ ነዋሪ ጥቅም አልነበረውም አይባልም። ጥቂት ቆይቶ ግን ያው አዳራሽ የሌላ ነገር መድረክ ሆነ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ሲታወጅ ነዋሪው እየተሰበሰበ ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ሌላውንም እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ጀመር። «ራስህን አጋልጥ፣ አብዮቱ መሐሪ ነው» ይባላል። ያጋለጠ አንዳንዱ ይማራል፤ አንዳንዱ ባጋለጠው ይጠየቃል። ያላጋለጠ ደግሞ ጎረቤቱ አጋልጦት ሲገኝ «ደባቂ» ይባላል። አፈርሳታ ተመልሶ መጣ፤ የበሬው ሌባ ቦታ ላይ ግን የሰው ሐሳብ ተተካ።

የወለጋ ሰዎች በዚያ ዘመን የከፈሉትን ከሁለት ስም በላይ መጥቀስ አያስፈልግም። በቦጂ የተወለዱት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳ ለዐሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ ተሰቃዩም። የ1954ቱ አንቀጽ 27 በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አልተሻረም ነበር። በመጽሐፉ ላይ እንደ ተጻፈ ቆይቷል።

ሂስ መዋጥ

በ1983 ኢሕአዴግ ሲገባ ከበረሃ ይዞት የመጣው አንድ ቃል በመላው አገሪቱ ተሰራጨ። ግምገማ የሚለው ቃል በኦሮምኛም «ገማገማ» ሆኖ ገባ። በትግሉ ጊዜ ታጋዩ ከውጊያ በኋላ ተቀምጦ አዛዡንና ራሱን የሚተችበት ልማድ ነበር። በከተማ ግን የመንግሥት አስተዳደር ሥርዓት ሆነ። የወረዳ ሹም፣ የመምሪያ ኃላፊ፣ መምህርና ጤና ረዳት ሳይቀር በአዳራሽ ተቀምጦ ይገመገማል። ተነሥቶ ድክመቱን ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ነው። ከዚያ ሌሎች ይጨምሩበታል፤ ይህ ሂስ ነው። መጨረሻ ላይ የተባለውን ተቀብሎ ይቀመጣል። ሕዝቡ ለዚህ የራሱን አገላለጽ አበጀለት፤ «ሂሱን ዋጠ» አለ። ከዚህ የተሻለ ገላጭ ቃል አይገኝም። ሰው ጉሮሮው እየተናነቀው የሚውጠውን ነገር ጣዕሙን አይጠየቅም።

ግምገማ በጎ ጎን የለውም ብንል እውነት አንናገርም። ጉቦ የለመደ የወረዳ ሹም በሕዝብ ፊት ቆሞ ሲንተባተብ ማየት ለዘመናት ደጅ ሲጠና ለኖረ ገበሬ ትንሽ ነገር አይደለም። ሹም በሕዝብ ይጠየቅ ማለት ደግሞ ትክክል ነው። ጥያቄው መጠየቁ ላይ ሳይሆን አጠያየቁ ላይ ነው።

በግምገማ አዳራሽ ክስ አስቀድሞ በጽሑፍ አይደርስም። ምስክርና ከሳሽ፣ ዳኛና ጸሐፊ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ዋናው ማስረጃ የተገምጋሚው የራሱ አፍ ነው። «ምንም ጥፋት የለብኝም» ያለ ሰው «ራሱን የማያይ» ይባላል። ዝም ያለ «አድርባይ» ይባላል። ጥቂት ጥፋት ያመነ «ዋናውን ደበቀ» ይባላል። ስለዚህ ብልህ ሰው መካከለኛ የሆነች፣ የማትገድል ጥፋት ፈልጎ ይዞ መግባት ይለምዳል። «አርፍጄ እገባለሁ፣ ቁጡ ነኝ» ይላል። ሐሰትን በትሕትና ልብስ አልብሶ ማቅረብ ሙያ ይሆናል።

በኦሮሚያ፣ በተለይም በወለጋ፣ ይህ ጨዋታ ሌላ አደጋ ነበረው። ከሂስ መዝገበ ቃላት አንዱ «ጠባብነት» ነው። አንድ ኦሮሞ መምህር ወይም ሹም በአዳራሽ ቆሞ «የጠባብነት ዝንባሌ ነበረብኝ» ቢል ለስብሰባው የሚበቃ ግለ ሂስ ሊሆን ይችላል። ያው ቃል ከቃለ ጉባዔው ወጥቶ ወደ ጸጥታ ክፍል ጠረጴዛ ቢደርስ ግን ትርጉሙ ይለወጣል፤ ከኦነግ ጋር የተያያዘ ጥርጣሬ ይሆናል። የሥራ ስንፍናን ለማረም የተባለው ስብሰባ ያላስጠነቀቀውን ሰው ለወንጀል ምርመራ መንገድ ጠራጊ ሊያደርገው ይችላል። በ1993 ድርጅቱ ሲከፋፈል ተሃድሶ ተባለ፤ በ2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ «ጥልቅ ተሃድሶ» ተባለና እንደገና ሁሉም በየደረጃው ተቀመጠ። ኢሕአዴግ ራሱ በ2012 ፈረሰ፤ ግምገማ የሚለው ቃል ግን ከመሥሪያ ቤት አልጠፋም።

የሕጉ ቃልና የአዳራሹ ቃል

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚናገረው ሊያዝበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። «በሚገባው ቋንቋ» የምትለዋ ሐረግ ብቻ ለዚያ በጣቱ ለፈረመው የወለጋ ገበሬ ልጅ ትልቅ ነገር ናት።

ነገር ግን ቃላቱን አጥብቀን እናንብብ። «የተያዘ» ይላል፤ «የተከሰሰ» ይላል። በአዳራሽ የተቀመጠው ሠራተኛ አልተያዘም፤ በፍርድ ቤትም አልተከሰሰም። ከፈለገ ተነሥቶ መውጣት ይችላል ይባላል፤ ሲወጣ ግን ሥራው አብሮት ይወጣል። ለፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በ1994 የወጣው የዲሲፕሊን ደንብ ቁጥር 77 ክስ በጽሑፍ እንዲደርስና ሠራተኛው መልስ እንዲሰጥ ማድረጉ፣ በ2012 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ ሰው ሳይሰማ እንዳይወሰንበት ማዘዙ ከግምገማ ጋር ሲነጻጸር ብዙ መንገድ የሄደ ነው። ሰውን መስማት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ማናገር ሌላ ነው። «የመናገር ዕድል ተሰጥቶሃል» እና «ካልተናገርክ ወዮልህ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰብሳቢ አፍ፣ በአንድ ድምፅ ሊነገሩ ይችላሉ።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር እንዴት እንደፈታው አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ፖሊሶች የትራፊክ ቅጣት ሰነድ አበላሽታችኋል ተብለው አስተዳደራዊ ምርመራ ይካሄድባቸዋል። «መልስ ያለመስጠት መብት አላችሁ፤ ካልመለሳችሁ ግን ከሥራ ትባረራላችሁ» ይባላሉ። መለሱ። የመለሱት ቃል በወንጀል ክስ ቀረበባቸውና ተፈረደባቸው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1967 ጋሪቲ በሚባለው ጉዳይ በእንጀራና በዝምታ መካከል እንዲመርጥ የተደረገ ሰው በፈቃዱ ተናገረ አይባልም አለ፤ እንዲህ የተገኘውም ቃል በወንጀል ችሎት እንዳይቀርብ ወሰነ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን አይጠይቅ አላለም። ይጠይቅ፤ ግን በግድ ያናገረውን ይዞ ወደ እስር ቤት አይምራው ነው ያለው። ይህ ለእኛም የማይገባ ረቂቅ ነገር አይደለም። የጉማ ሽማግሎች ያውቁት የነበረው ነገር ነው፤ ያመነን ሰው ካስማመንክ በኋላ በዚያው አፍ አታስገድለውም።

ወደ ተነሣንበት ሜዳ እንመለስ። አፈርሳታ ጨካኝ ነበር፤ ሥራ ያስፈታል፣ ያላየውን ያስምላል፣ ንጹሑን ዕዳ ያስከፍላል። አንድ ነገር ግን ነበረው። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት የተቃጠለው ጎጆ ነበር። ዐመዱ ይታያል፤ የባለቤቱ ልቅሶ ይሰማል። ከዐመዱ ተነሥቶ ሰውን ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የመጡት አዳራሾች መንገዱን ገለበጡት። መጀመሪያ ሰውየውን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ጥፋቱን ከአፉ ይፈልጋሉ። የአቡኑ ሸንጎ ከነቀምቴው መምህር እምነቱን ፈለገ፤ ቀበሌው ከወጣቱ ሐሳቡን ፈለገ፤ ግምገማው ከሠራተኛው «ዝንባሌውን» ፈለገ። ዐመድ በሌለበት እሳት ሲፈለግ ብዙ ቤት ይቃጠላል።

ኦነሲሞስ ነቀምቴ ተመልሶ እንዳይሰብክ በተከለከለባቸው ዓመታት ልጆች ያስተምር ነበር። የተማሩት ልጆች ሲያድጉ ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ፤ የተጻፈባቸውን ቃለ ጉባዔ ራሳቸው አንብበው «ይህ የኔ ቃል አይደለም» ማለት ይችላሉ። ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በሌላ ከተማ ከኮሚቴ ፊት የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ ይህን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ የተከሰስኩበት ምንድን ነው? በጽሑፍ ይሰጠኝ። የምናገረው የት ይደርሳል? ዝም ብል ዝምታዬ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሰብሳቢው ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከሌለው፣ ዝም የማለቱ ተራ የእርሱ ነው።